አባት የገለበጡት ትምህርት

ከመናኸሪያ ወደ ቡሹሎ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አባት ደብተር ዘርግተው አጠገባቸው ለተቀመጠችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አሳዩዋት።

«ይህን አንብቢልኝ፣ ልጄ። ከሰሌዳ የገለበጥኩት ነው።»

«እርስዎ ነዎት የሚማሩት?»

«ሴት ልጄ ናት። ዐይኗ ኦፕራሲዮን ተደርጎ በፋሻ ታስሯል፤ ቡሹሎ ሐኪም ቤት ተኝታለች። ትምህርቱ እንዳያመልጣት እኔ በወንበሯ እቀመጣለሁ።»

«ከልጆቹ ጋር?»

«መጀመሪያ ሳቁብኝ። አሁን ቦታ ይይዙልኛል።»

ተማሪዋ ደብተሩን ተቀበለች። «‹ጌት› የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ነው፣ አባቴ። ብዙ ትርጉም አለው።»

«አንድ በአንድ ንገሪኝ፤ በቃሌ ልያዘው።»

«ደብዳቤ ሲመጣልን፣ ማግኘት። ቤት ስንገባ፣ መድረስ። ነገሩ ሲገባን፣ መረዳት።»

«ማግኘት፣ መድረስ፣ መረዳት። የገለበጥኩት አራት ነው፤ አራተኛውስ?»

«‹ዌል› ሲከተለው፣ ከሕመም መዳን።»

«እሱን አስቀድሜ እነግራታለሁ።»

«ፋሻው መቼ ይፈታል?»

«ዛሬ። ሐኪሙ ‹ሲፈታ እናውቃለን› ነው ያለኝ።»

«እንግዲያውስ ራሷ ታነበዋለች። ለምን በቃልዎ ይይዙታል?»

አባትየው ደብተሩን ተቀብለው ከደኑት። «ካላየችም ትምህርቱ እንዳይቀርባት ነው።»

ስመ ክርስትናዋን ስላላወቅሁ፣ በልቤ «የእኚህ ሰው ልጅ» ብዬ ለእግዚአብሔር ነገርኩት።