አብራችሁን ቆዩ

(የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ፤ ልጆቹ ሁሉ ሄደው ኤልዳና ብቻዋን ውጭ ዥዋዥዌው ላይ ቀርታለች፤ እንደ ልማዱ አርፍዶ የደረሰው አባቷ ገዛኸኝ፣ ጉልበቱ አገጩን በሚነካበት የሕፃን ወንበር ላይ ተቀምጦ ከመምህርቷ ከትርንጎ ጋር ይሟገታል።)

ገዛኸኝ፦ አማርኛዋ እኮ ከእኔ ይበልጣል! ምን ጎድሏት ነው አንደኛ ክፍል አትገባም የሚሉኝ?

ትርንጎ፦ ገና ናት ነው ያልኩት። ትናንት አንዷ ልጅ «ምሳሽን ምን ያዝሽ?» ብትላት ምን ብላ መለሰች መሰለዎት? «ስለ ጥያቄዎ እናመሰግናለን።»

ገዛኸኝ፦ (እየሳቀ) ጨዋ ናታ!

ትርንጎ፦ ከዚያ ፊቷን አዞረች። ትናገራለች እንጂ የሰው መልስ አትጠብቅም። ቤት ማን ያወራታል?

ገዛኸኝ፦ ጠዋት ጎረቤቴ እስክታመጣት ቴሌቪዥን እከፍትላታለሁ። ማታም እንደዚያው። የልጆች ትምህርት ነው ደግሞ፣ ዝም ብሎ ጭፈራ እንዳይመስልዎት።

ትርንጎ፦ እርስዎስ?

ገዛኸኝ፦ እኔማ ታክሲዬ ውስጥ ከተሳፋሪ ጋር ስለፈልፍ እውላለሁ።

ትርንጎ፦ ማታ ነው የጠየቅኩዎት።

ገዛኸኝ፦ ማታ... እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤት ስገባ አፌ ይተሳሰራል፣ ቲቸር። ምን ልበላት? ፊደሉን እንደሆነ እርስዎ ያስተምሯታል።

ትርንጎ፦ ፊደሉን ለእኔ ይተዉት። ሽንኩርት ሲከትፉ «ዓይኔን ለበለበኝ» ይበሏት። «ለምን?» ትልዎታለች። በቃ፣ ወሬ ተጀመረ።

ገዛኸኝ፦ ይሄ ትምህርት ነው?

ትርንጎ፦ በእሷ ዕድሜ ዋናው እሱ ነው።

ገዛኸኝ፦ እንዲያ የምታወራት እናቷ ነበረች። ገና በሆዷ እያለች ጀምሮ። አሁን እኔ ስናገር ቤቱ ባዶ መሆኑ ይብስብኛል። ቴሌቪዥኑ ሲጮህ ግን ሰው ያለበት ይመስላል።

ትርንጎ፦ ለእርስዎ ነዋ የሚከፈተው።

ገዛኸኝ፦ ብቻዬን ነኝ፣ ቲቸር።

ትርንጎ፦ ሁለት ናችሁ። ጠዋት ሲወጡ ምን ትልዎታለች?

ገዛኸኝ፦ ኧረ የእሷ ነገር! በሩ ላይ ቆማ ልክ እንደ ቴሌቪዥኑ ጋዜጠኞች «አብራችሁን ቆዩ» ትለኛለች። እየሳቅኩ እወጣለሁ።

ትርንጎ፦ እዚህም ትላለች። ልጆቹን ወላጆቻቸው ሲወስዷቸው፣ ለእያንዳንዳቸው። እኔም መጀመሪያ እስቅ ነበር።

(ገዛኸኝ ከሕፃኑ ወንበር ተነሥቶ ወደ በሩ ይሄዳል።)

ትርንጎ፦ አቶ ገዛኸኝ? ወዴት ነው? አልጨረስንም እኮ!

ገዛኸኝ፦ (ከበሩ ላይ ወደ ዥዋዥዌው) ኤልዱዬ! ዛሬ ምሳሽን ምን በላሽ?... አይ፣ ምስጋናውን ተይው የኔ እናት፤ መልሱን እጠብቃለሁ።