ለላምባ የሚሆን ቅባት

ከጋሸና ወደ ላሊበላ ስንሄድ ሚኒባሱ ማሳል ጀመረ።

«ምን ነካው?» አሉ ከፊቴ የተቀመጡት ቄስ።

«ናፍጣ ጠፍቶ ላምባ ሞላሁበት፣ መምሬ» አለ ሾፌሩ። «ላምባ ደረቅ ነው። ትንሽ ቅባት ጠብ ቢልበት ይለሰልስ ነበር።»

«እኔ ያነጠርኩት ቅቤ ይዣለሁ» አሉ አንዲት እናት።

«በሁዳዴ?» አሉ ቄሱ።

«ለፋሲካ ነው እንጂ። ደግሞስ መኪና ይጾማል?»

«መኪናውስ አይጾምም። ጭሱ ግን ወደ ውስጥ ነው የሚገባ። የቅቤ ሽታ እስከ ላሊበላ ችሎ የሚጾም ማን አለ?»

እናትየው ቅቤያቸውን ወደ ዘንቢላቸው መለሱ።

«እንግዲያው የኑግ ዘይት የያዘ አለ?» አለ ሾፌሩ።

«እሱስ የጾም ነው፤ ይፈቀዳል» አሉ ቄሱ፣ ዞረው እያዩን።

እኔም እግሬ ሥር ያለችውን የኑግ ዘይት ጀሪካን ቀስ ብዬ በጋቢዬ ሸፈንኳት።