የሟቿ ማሽላ

ሞተር ብስክሌቴ መንገድ ላይ ባይቆምብኝ ኖሮ ሽማግሌውን ባላወቅኋቸው ነበር። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ስለ እህል ዘር አያገባኝም። አብራኝ የነበረችው ወጣት የሰብል ባለሙያ ግን በደረቀ ማሳ መሃል ብቻውን የቆመ ሰው አይታ የምታልፍ አይደለችም።

ሽማግሌው ሚስታቸው ሞታባቸው፣ ልጆቻቸው ከተማ ገብተው ብቻቸውን የቀሩ ገበሬ ናቸው። እየጎተቱ ቤት አስገቡን። ሰው እንደናፈቃቸው ያስታውቃል፤ ሁለታችንም ተቀምጠን ሳለ ሌላ በርጩማ ፍለጋ ጓዳ ገቡ።

በዚያ አካባቢ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ማሳው ሁሉ በአንድ ቀን ይዘራል። ዘንድሮ ዝናቡ ብቅ ብሎ ጠፋ፤ ቡቃያው ደረቀ። ደግመው ዘሩ፤ እሱም ደረቀ። ሽማግሌው ከግድግዳው ላይ የማሽላ ዘር ያለበት አንድ ቅል አወረዱ።

«የቀረኝ ይኼ ነው። እንደገና ጠብ ሲል እዘራዋለሁ።»

«ሁሉንም፣ አባባ?» አለች የሰብል ባለሙያዋ።

«ሁሉንም! እኔና ሚስቴ ከፋፍለን ዘርተን አናውቅም። ራሷ ከየዛላው እየመረጠች ያቆየችው ነው።»

«ዝናቡ እኮ የድሮው አይደለም። ዘግይቶ ይመጣል፣ ቶሎ ይሄዳል። የእርስዎ ማሽላ ደግሞ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ሰፊውን ማሳ እኔ የማመጣልዎትን ቶሎ የሚደርስ ዘር ይዝሩበት፤ እሱንም መሬቱ በደንብ ሲርስ። ትልሙን በየመሃሉ በአፈር ይገድቡት፣ ውሃው ሳይሮጥ ይሰርጋል።»

«የሱ አገዳ አጭር ነው አሉ። ከብቶቼስ ምን ይብሉ?»

«እውነት ነው፣ አገዳው ያንሳል።»

እዚህ ላይ አፌ አላስቻለኝም። «ካልበቀለማ አገዳም የለም» አልኩ። ገላመጡኝ።

«እሷን ተዋት ነው የምትሉኝ?»

«ኧረ የለም!» አለች ልጅቷ። «የባለቤትዎን ዘር ጥቂቱን የውሃ ጉድጓድዎ አጠገብ፣ ውሃ በሚያጠጡበት ይዝሩት። የቀረው ቅሉ ውስጥ ይቆይ። ሁሉንም ዘርተው ዝናቡ ቢጠፋስ ምን ይቀርዎታል?»

ሽማግሌው ቅሉን ቀስ አድርገው ነቀነቁት፤ ዘሩ ተንኮሻኮሸ።

«ጠዋት ጠዋት እንዲህ አደርገዋለሁ» አሉ። «በዚህ ቤት ከኔ ሌላ ድምፅ ያለው ይኼ ብቻ ነው። ባዶውን ልሰቅለው አልችልም።»

ከዚያም እሺ አሉ።

ዝናቡ ዘግይቶ መጣ፣ በእርግጥም ቶሎ ሄደ። ቶሎ የሚደርሰው ግን ቀድሞት ደረሰና ጎተራቸው እስከ አፉ ባይሞላም ከረሃብ አዳናቸው። ጉድጓዱ አጠገብ የተዘራውም አፈራ። ዘርን መከፋፈል፣ ጊዜውን መጠበቅ፣ ውሃን ማሳ ላይ ማስቀረት የቀደመውን ወግ መናቅ አይደለም። ወጉ እንዳይጠፋ መጠበቂያው እሱ ነው።

ልንጠይቃቸው የሄድን ዕለት ለልጅቷ ከሚስታቸው ማሽላ እፍኝ ዘር በጨርቅ ቋጥረው ሰጧት።

«እኔ ስሞት ይህን ቤት የሚከፍት የለም። አንቺ ጋ ይኑር። አመራረጡን ግን አታውቂም፤ ላሳይሽ።»

«መቼ ልምጣ፣ አባባ?»

«ነገ» አሉ፣ ገና ከበርጩማችን ሳንነሳ።