ተውኔቱ ውስጥ ያልነበረው ጩኸት

ወዳጆች ሆይ፣ አፈር ከመልበሳቸው በፊት የወይዘሮ ሮስቪታ ሌንስን የሕይወት መንገድ ጥቂት ታደምጡልን ዘንድ እንለምናለን።

ወይዘሮ ሮስቪታ ከእንጨት ሰንጣቂው ከአቶ ኤርቪን ኩንት እና ከወይዘሮ ሄርታ በ1953 እ.ኤ.አ. እዚሁ ሃርዝባህ ተወለዱ። አባታቸው ከጦር ሜዳ ቢመለሱም ጦርነቱን ይዘው ወደ ቤት የገቡ ሰው ስለነበሩ፣ ሳህን በግድግዳ ላይ ሲፈነዳና የእናታቸው ፊት ሲደማ፣ ሮስቪታ የታናሽ ወንድማቸውን የኤካርትን አፍ በእጃቸው አፍነው ቁጣው እስኪበርድ ይጠብቁ ነበር።

የአሥር ዓመት ትምህርታቸውን እንደፈጸሙ በከተማችን ቴአትር ቤት በጽሕፈት መኪና ጸሐፊነት ተቀጠሩ። የመድረክ መሣሪያ ሠራተኛውን አቶ አርኖ ሌንስን በ1977 አግብተው ዚልከንና ቲሎን ወለዱ። ከ1985 ጀምሮም ከመድረኩ ሥር ባለችው ጠባብ ጉድጓድ ተቀምጠው፣ ቃል ለጠፋባቸው ተዋንያን በሹክሹክታ ሲያስታውሱ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሩ።

በ2016 ኅዳር ወር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የታየው አዲስ ተውኔት፣ ማንም ምክንያቱን በማያውቀው መዓት ቤታቸው ስለሚናወጥባቸው ተራ ጎረቤታሞች የሚተርክ ነበር። ሁለተኛው ክፍል እንደተጀመረ ጣሪያው በነጎድጓድ ድምፅ ተሰንጥቆ ምሰሶው በቀኝ በኩል ሦስት ረድፍ ሰው ላይ ወደቀ። አዳራሹን አቧራ ሞላው፤ ደም እስከ መድረኩ ጠርዝ ተረጨ። ከኋላ ግን አንድ ሰው “ጉድ ነው! እንዴት አድርገው ሠሩት?” ብሎ አጨበጨበ፤ ሌሎችም ተከተሉት። የተውኔቱን ቃል በሙሉ የሚያውቁት ወይዘሮ ሮስቪታ ከጉድጓዳቸው ወጥተው፣ ተመልካች ሰምቶት በማያውቀው ድምፃቸው “ይሄ ተውኔት አይደለም! ሰው እየሞተ ነው፤ ውጡ!” ብለው ጮኹ።

ባለቤታቸው አቶ አርኖ ከመድረኩ በላይ ባለው የብረት ድልድይ ላይ መሆናቸውን እያወቁ፣ ወይዘሮ ሮስቪታ መጀመሪያ በሩን አስከፍተው ሕዝቡን አስወጡ። ከዚያም እግሩ በብረት የተያዘውን ተዋናይ ዲትማር ቮስን ሊጎትቱ ተመለሱ። “ሮዚ፣ ሂጂ! ልጆች አሉሽ” ቢላቸው፣ “ዝም በልና ግፋ!” አሉት። እርሱ ሲወጣ ድልድዩ ተደረመሰ፤ የግራ ክንዳቸውንም ጨፈለቀው፤ ሐኪሞችም ከክርን በላይ ቆረጡት። የባለቤታቸው አስከሬን በሦስተኛው ቀን ከፍርስራሹ ወጣ። አሥራ አንድ ሰው ሞተ።

ባለሙያዎች አሥራ አራት ወር መሬቱንና ብረቱን ቢመረምሩም ምክንያቱን ሊያውቁ አልቻሉም። ወይዘሮ ሮስቪታ ግን በመርማሪዎቹ ፊት ቀርበው፣ “አዘጋጁ አዲስ ነገር ጨምሮ ይሆናል ብዬ፣ ከመጮኼ በፊት ሁለት ዓረፍተ ነገር እስኪነገር ያህል ዝም ብያለሁ” ሲሉ ማንም ያልጠየቃቸውን ተናገሩ። ይህ በጋዜጣ በወጣ ማግስት፣ ሴት ልጃቸው በሁለተኛው ረድፍ የሞተችባቸው አቶ ኡልሪሽ ፔትሶልት በራቸውን በቡጢ ደብድበው፣ “ለምን ቀድመሽ አልጮኽሽም?” እያሉ በጥፊ መቷቸው። ከንፈራቸው እየደማ “ፈራሁ፤ ሰው እንዳይስቅብኝ ፈራሁ” ሲሉ መለሱላቸው። ፖሊስ አልጠሩም፤ ወንበር ሰጧቸው። አቶ ኡልሪሽም ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ እንጨት ይፈልጡላቸው፣ አንድ እጅ የማይበቃውንም ሥራ ይሠሩላቸው ነበር።

በዚያች ዕለት በትንፋሻቸው የሳቡት አቧራ በሳንባቸው ውስጥ ሰባት ዓመት ሲሠራ ቆይቶ፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ልጆቻቸው ባሉበት በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው አረፉ።

ወይዘሮ ሮስቪታ ሁለት ልጆችን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ወንድማቸውን አቶ ኤካርትን፣ እንዲሁም ያን ቀን በእግራቸው ከዚያ በር የወጡትን ሁለት መቶ ስድስት ሰዎች ትተው አልፈዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቻችሁ እዚህ ቆማችኋል።

የፈጠራቸው አምላክ ያችን የዘገዩባትን ቅጽበት ይቅር ብሎ፣ ነፍሳቸውን ምንም በማይናወጥበት ቤቱ ያሳርፍልን፤ አሜን።