ከአራተኛ ፎቅ አልወርድም ያሉት የጋሽ ሽቅብ ዜና ሕይወት

እዚህ የቆማችሁ ወዳጅ ዘመዶችና ጎረቤቶች ሆይ፣ የታላቅ ወንድሜን የሕይወት ታሪክ የማነብላችሁ እኔ ታናሽ እህታቸው ነኝ፤ ልጆቻቸው በአጭሩ አድርጊው ብለው ለምነውኛል፤ እሺም ብያለሁ፤ እሺ ማለት እንጂ ማሳጠር ግን አልችልበትም።

ወንድሜ ጉድጓድ ቆፋሪ ከነበሩት ከአባታችንና የሰው ልብስ እያጠቡ ካሳደጉን ከእናታችን ተወለዱ። አባታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደ መሬት ሲወርዱ የኖሩ ሰው ቢሆኑም፣ የበኩር ልጃቸው ገና ድክ ድክ ሲሉ ጀምሮ ከወንበር ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ቁም ሣጥን ላይ ወጥተው እየተገኙ እናታችንን አሳር ያበሏቸው ነበር። ትምህርታቸውንም በሠፈራችን ትምህርት ቤት ጀምረው፣ ጣሪያ ላይ ወጥተው በመገኘታቸው ተባርረው፣ በአባታችን ልመና ተመልሰው፣ በመጨረሻ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሙያ በጥሩ ውጤት ተመረቁ።

ከዚያም በአሳንሰር ጥገና ሥራ ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው ድረስ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ሲመላለሱ የኖሩ ሲሆን፣ ሽቅብ የሚለውን ስም ያወጡላቸውም የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሥራቸውን ይወዱ ነበር ማለት አይበቃም፤ ገመዱን ዳብሰው፣ ሞተሩን ጆሮ ሰጥተው አዳምጠው፣ እንደ ታመመ ልጅ ያባብሉት ነበር።

ትዳራቸውንም ያገኙት እዚያው ነው። ልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው በሁለት ፎቅ መካከል በቆመ አሳንሰር ውስጥ ተይዘው ሲጮሁ ወንድሜ ደረሱላቸውና፣ አይዞዎት እያሉ በበሩ ስንጥቅ እያጫወቱ ጠገኑት፤ ጥገናው ቢያልቅም ጨዋታው ስላላለቀ በሩን ሳይከፍቱ ቆዩ። በዚህም ባለቤታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲከሷቸው ኖሩ፤ እርሳቸውም አንድ ቀንም አልካዱም። በዚያው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍልና ጠባብ በረንዳ ይዘው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አሳደጉ፤ ወንዱም የአባቱን ሙያ ወርሶ አሳንሰር ጠጋኝ ሆነ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ባለቤታቸው ካረፉና የራሳቸውም እግር እየከዳቸው ከመጣ በኋላ ግን፣ ብቻቸውን መኖራቸው ልጆቻቸውን እንቅልፍ ነሳቸው። ሴቷ ልጃቸው በጓሮዋ በኩል ያለውን ክፍል ቀለም አስቀብታ፣ መጋረጃ ሰቅላ ለመነቻቸው፤ ወንድሜም ልቧ እንዳይሰበር ብለው ሄዱ፤ ሳምንት ሳይሞላም ተመለሱ። ምክንያታቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ከበታቻቸው ሰው ሲያስነጥስ ካልሰሙ እንቅልፍ በዓይናቸው አይዞርም! የአረጋውያን መኖሪያ ሲነሳባቸውማ የጠየቁት ስንት ፎቅ እንዳለው ብቻ ነበር፤ ፎቅ እንደሌለው ሲነገራቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ልጅየው ታዲያ መላ የዘየደ መሰለው። አባቱ አሳንሰር ከሌለ ቤቱን ይለቃሉ ብሎ፣ ከማሽኑ ላይ መዳፍ የማትሞላ አንዲት ዕቃ ፈትቶ ኪሱ ከተተ። አይ ልጅ! አሳንሰር ሲቆም ላይ ያለ ሰው እዚያው ላይ እንደሚቀር የአሳንሰር ባለሙያ እንዴት ይዘነጋል? አልጋና ቁም ሣጥን ሊያወርዱ የመጡት ተሸካሚዎች ደረጃውን ቀና ብለው አይተው ተመለሱ፤ ወንድሜም በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ እኔስ ልሄድላችሁ ነበር፣ ግን ይኸው አሳንሰሩ ተበላሸ እያሉ አዘኑ። ዳቦና ወተታቸውን በገመድ ባሰሩት ቅርጫት ከበረንዳ እየሳቡ ኑሯቸውን ቀጠሉ። ልጅየው ለእህቱ የነገራት ምሥጢር ግን ውሎ ሳያድር ጎረቤት ጆሮ ገባና፣ ልጅየው በቅጣት የየቤቱን ዘንቢል ተሸክሞ ላብ በላብ እየሆነ ሲወጣ ሲወርድ ሰነበተ፤ ይበለው!

በዚህ መሃል ነው እኔ ሽማግሌ ሆኜ የተላክሁት። ወንድሜን አሳምኜ ላወርድ ደረጃውን ጀመርሁ፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ፈጣሪን ተማጠንሁ፣ ሦስተኛው ላይ የወንድሜን ልጅ ረገምሁ፣ አራተኛው ላይ ስደርስ ጉልበቴ አልታዘዝ አለ። ወንድሜ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና፣ ልትወስጂኝ መጣሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም ትንፋሽ አጥሮኝ ስለነበር መጀመሪያ ውሃ ስጡኝ አልኋቸው። ያን ዕለት መውረድ አልቻልሁም። ልጅየው ተጸጽቶ ዕቃዋን ከገጠመ በኋላ ደግሞ መውረድ አልፈለግሁም። እኔም እኮ ባሌ ከሞተ ወዲህ ከግድግዳ ጋር ሳወራ የከረምሁ ሴት ነኝ። እንዲህ ሆኖ፣ ሬዲዮ እየሰማን፣ በሬዲዮውም ድምፅ እየተጨቃጨቅን፣ በልጅነታችን እንኳ ያላገኘነውን ደስታ አብረን አገኘን።

በቅርቡ ሳንባቸውን ታመው፣ ሐኪም ቤት ቢረዱም ሕመሙ ስለጸናባቸው፣ ቤቴ መልሱኝ ብለው ተመለሱ። አልጋቸውን ወደ በሩ አስጠግተንላቸው የአሳንሰሩን ድምፅ ሲያዳምጡ ሰነበቱ፤ ሲያርፉም እኔና ልጆቻቸው በገዛ ክፍላቸው እጃቸውን ይዘን ነበር። ከዚህ ቤት የምወርደው በሰው ትከሻ ነው ይሉን ነበር፤ እኛ እልህ ይመስለን ነበር። ዛሬ ጠዋት የአስከሬን ሣጥኑ አሳንሰሩ ውስጥ አልገባ ሲለን ነገሩ ገባን፤ ለካ ልኩን ያውቁት ኖሯል። ልጃቸው ከፊት ተሸክሞ፣ በየፎቁ እያለቀሰ አወረዳቸው። አንጀቴን በላው፤ የረገምሁትንም ሁሉ አንስቻለሁ።

ጋሽ ሽቅብ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ፣ የልጅ ልጆች፣ ደህና አድርጎ የሚሠራ አሳንሰርና አንዲት እህት ትተው አልፈዋል። እህትየዋን በተመለከተ፣ ትናንት ልጆቻቸው ማድ ቤት ቆመው ጉልበቴን እያዩ ሲንሾካሾኩ፣ በጓሮ በኩል ስላለው ክፍልም ሲያነሱ ሰምቻለሁ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልንገራችሁ ልጆቼ፤ የአሳንሰሩ ማሽን ክፍል ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው።

ሐዘናችንን የተካፈላችሁ ሁሉ ክፉ አይንካችሁ። የወንድሜን ነፍስ ፈጣሪ ወደ ላይ ያውጣልን፤ ካረፉበትም ማንም ቤት ቀይሩ አይበላቸው።