የእማማ ሂሳኖ እርከን

እማማ ሂሳኖ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ የቀራቸው ሙያ አንድ ብቻ ነበር፤ ግድግዳ ማየት። ማክሰኞ ጧት በተሽከርካሪ ወንበራቸው ተቀምጠው የሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ አፍጥጠው ሳለ፣ አንድ ነጭ የለበሰ ጎልማሳ ሊያልፍ ሲል ድንገት ቆሞ እጅ ነሣ።

«እማማ ሂሳኖ! አላወቁኝም? ኮሄይ ነኝ። ከረሜላ ቤትዎ ደጅ ላይ በነበረችው የጌም ማሽን ተጣብቄ የምውለው።»

«ያ ሁልጊዜ የሚሸነፈው?»

«እሱው።»

«ደደብ ሆነህ ትቀራለህ ብዬህ ነበር። ምን ሆንክ?»

«የታመመ እግር አስተማሪ። ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎን።»

«ሟርቴ ሠመረች በለኛ! ይሄ እግር ትምህርት አይገባውም።»

ጃፓን፣ ሺሞኖሴኪ ከተማ ያለው፣ ከረሜላ የሚሸጡበት ቤታቸው ጫማ ከሚወለቅበት ደጃፍ ወደ ወለሉ የሚያወጣ፣ ጉልበት ሊደርስ ትንሽ የቀረው እርከን አለው። ዓርብ ልጃቸው ማሳኖሪ ይመጣል። እርከኑን መውጣት ከቻሉ ወደ ቤታቸው፣ ካልቻሉ ወደ አረጋውያን መኖሪያ። ለመለማመጃ በልኩ የተሠራ የእንጨት ሳጥን ተሰጥቷቸዋል፤ እሳቸው ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ በተሰበረው በቀኙ ካልወጣሁ ብለው ይንገታገታሉ። አማታቸው «ቤት በቀኝ ነው የሚገባው» ብለው ስላስለመዷቸው ነው። አማቲቱ ከሞቱ አርባ ዓመታቸው፤ ትእዛዛቸው ግን ከነነፍሱ አለ።

«በግራዎ ይጀምሩ እንጂ እማማ» አለ ኮሄይ፣ ሞክረው ሲወድቁ አይቶ።

«በግራ እግሬ ቤቴን ልርገም? ተወኝ ልጄ። አንተ ጌሙ ላይ ስትሞት ሳንቲም ከተህ ትነሣለህ። እኔ ሳንቲሙን የት አባቴ ልክተተው?»

«ሳንቲሙ እኮ የሚያስጀምረኝ ከሀ ነበር። ጌሙ ውስጥ ድልድይ ላይ የምትጠብቀኝ ዘንዶ ሁለት ክረምት ሙሉ ገድላኛለች፤ አንድ ቀን እንኳ አልራራችልኝም። ደግሞ የእርስዎ ሕግ ነበር፤ ሦስቴ የተሸነፈ ለተረኛ ለቆ ከኋላ ይቁም። የተማርኩት እዚያ ቆሜ ነው። ሌላው የት ላይ እንደሚሞት አያለሁ፣ ከዚያ እኔ የት ላይ እንደምሞት ማየት ጀመርኩ። እርስዎ ሲወድቁ ዓይንዎን ይጨፍናሉ። ታዲያ ምኑን ይማሩት?»

እማማ ሂሳኖ ሳጥኑን አዩት። እውነት ነበራ!

ረቡዕ ሦስቴ ሞክረው ተሸነፉና ቁጭ ብለው አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ጤነኛ እግራቸውን አስቀድመው ሲወጡ ተመለከቱ። ሐሙስ፣ «አማቴ ይቅር በሉኝ» ብለው ግራቸውን አስቀደሙ። ዓይናቸውን አልጨፈኑም።

ዓርብ ማሳኖሪ መጣ። አንደኛው ሙከራ ከሸፈ። ሁለተኛውም። በሦስተኛው ግራቸው ሳጥኑ ላይ ወጣ፤ ቀኙ ተከተለ፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ከዚያ ጉልበታቸው ከዳቸው። ኮሄይ ባይደግፋቸው ወለሉን ይስሙት ነበር። ማሳኖሪ ፊቱን አዙሮ የመኖሪያውን ወረቀት ፈረመ። ከረሜላ ቤቱም በዚያች ብዕር ተዘጋ።

ኮሄይ አንገቱን ደፋ። «አልሆነም እማማ።»

«ቀኝ እግሬ ሳጥኑን ሊረግጥ አራት ጣት ነው የቀረው» አሉ እሳቸው። «ትናንት ስድስት ነበር። አላየህም እንዴ? አንተማ ደደብ ነህ።»

እንግዲህ የጽናት ጥቅሙ ምንድን ነው ለሚል፣ ቤት አያስመልስም፤ እማማ ሂሳኖም ከዚያ ወዲያ ቤታቸውን አላዩትም። ግን ግድግዳ ሲያዩ የነበሩ ሴት ያን ቀን ጣት ቆጠሩ። ሁለት ጣት የቀነሰ ሰው ደግሞ ለነገ ሥራ አለው።

«ማሳኖሪ፣ እዚያ መኖሪያ ውስጥ እርከን አለ?»

«የለም እማዬ። ለእናንተ ተብሎ ሁሉም ሜዳ ነው።»

«እንግዲያው» አሉ እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው፣ «ሳጥኑን መኪናህ ላይ ጫነው።»