ከቅዳሴ እየወጡ የታሙት አቶ ሕሉፍ ተኽለ

አቶ ሕሉፍ ተኽለ ከአባታቸው ከአቶ ተኽለ ኣለምሰገድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርኽቲ ፍትዊ በ1941 ዓ.ም. በውቅሮ አካባቢ ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው ሲሞቱባቸው ትምህርቱን ትተው ወደ መቀሌ በመምጣት የግንበኝነት ሙያ ያዙ። በከተማዋ ሰሜን ክፍለ ከተማም ሆነ በዓዲ ሓቂ እሳቸው ያቆሙት የድንጋይ ግንብ ዛሬም ቀጥ ብሎ አለ፤ የተጠራጠረ ሄዶ ይግፋው።

በ1966 ዓ.ም. ከወይዘሮ ኣስካል ሽሻይ ጋር ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። የሰንበቴ ማኅበራቸውንም ሃያ ዓመት በሰብሳቢነት መርተዋል።

ስድሳ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ሽንት ይመላለስባቸው፣ ሲሸኑም በቀጭኑ እየተቆራረጠ ያስቸግራቸው ጀመር። ቅዳሴ ተጀምሮ መውጣት ነውር መሆኑን እያወቁ መቆም አቅቷቸው ይወጣሉ፤ የወጣ ተመልሶ አይገባምና ከአጥሩ ሥር ቆመው ያስቀድሳሉ። ይህን ያየ ሁሉ ምን ቢበድሉ ነው የተገዘቱት እያለ ያማቸው ጀመር፤ ማኅበርተኞቹም ንስሐ እስኪገቡ ከሰብሳቢነት ይውረዱ ብለው መከሩ። እሳቸው ግን ለማንም ሳይናገሩ፣ ካልጠጣሁ ሽንቱ ከየት ይመጣል ብለው ውኃ ተዉ። ተሳስተው ነበር፤ ባሰባቸው።

አብረዋቸው ሲገነቡ የኖሩት የወሎው ሰው አቶ ጀይሉ ነገሩ ገባቸው። «ጋሽ ሕሉፍ፣ እኔ እኮ ሽንቱ እያፈረሰብኝ ለአንድ ሶላት ሦስቴ ታጥቤ ውዱእ የማደርግ ሰው ነበርኩ፤ ከቅዳሴ መውጣት ምናላት!» ብለው እየሳቁ ክንዳቸውን ይዘው ሐኪም ቤት ወሰዷቸው።

ሐኪሟ ዶክተር ሮሃ የልጃቸው እኩያ ስለነበሩ አቶ ሕሉፍ አልመረመርም ብለው ወንበሩ ላይ ደረቁ። «ኣቦይ፣ ሳልመረምር ካንሰር አይደለም ብልዎት ያምኑኛል?» ሲሏቸው ተነሥተው ወደ መመርመሪያው አልጋ ሄዱ። በእጅ፣ በደምና በአልትራሳውንድ ተመርምረው፣ ከፊኛ ሥር ያለው፣ ወንድ ሁሉ ይዞት የሚወለደው ፕሮስቴት የሚባል ዕጢ በዕድሜ አድጎ የሽንት መውረጃውን ማጥበቡ እንጂ ካንሰር አለመሆኑ ታወቀ። የሚውጡት መድኃኒትም ታዘዘላቸው።

አቶ ሕሉፍ በሚቀጥለው ሰንበት ከማኅበሩ መሐል ቆመው፣ «የተገዘተ የለም። ያደገ ዕጢ ነው። ሽንት የሚያስቸግረው ሌላ ሰው ካለ እጁን ያውጣ!» አሉ። አንድ በአንድ አራት እጅ ወጣ፤ አንዱ ይውረዱ ብሎ የመከረው ሰው እጅ ነበር። ሰብሳቢነቱን እስከ ዕለተ ሞታቸው የነካባቸው አልነበረም።

በጦርነቱ መድኃኒት በጠፋበት ዘመን ሽንታቸው ፈጽሞ ተዘግቶ ቱቦ ገባላቸው፤ የሽንት ከረጢቱን ከጋቢያቸው ሥር አንጠልጥለው፣ ወራት ሙሉ ግንብ ሲያሠሩ ከረሙ። በ2015 ዓ.ም. ያደገው የዕጢው ክፍል በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸው ዳኑ። ትናንት ያረፉት በድንገተኛ የልብ ሕመም ነው፤ ያ ሕመም አልገደላቸውም።

ይህ የሕመማቸው ነገር በለቅሶ ላይ አይነበብም፣ ከጽሑፉ ይውጣ ያሉ ዘመዶች ነበሩ። አልወጣም። ይነበብ ብለው የተናዘዙት ራሳቸው ናቸው፤ የሕመሙን ስም መጥራት የሚያሳፍረው ወንድም ቢኖር በቁሙ እያለ ሄዶ ይመርመር።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኣስካልን፣ ልጆቻቸውን ፍትዊን፣ ዮሃናንና ኣርሴማን፣ ሰባት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም እንደ ወንድም አብረዋቸው የኖሩትን አቶ ጀይሉን ትተው ሄደዋል። የቅዱሳን አምላክ ነፍሳቸውን ሳያሳፍር በቀኙ ያቁምልን። አሜን።